«ኮንትሮለር ቢጠፋ አይሰማችሁም» ተብሎ የተሸጠልን ስቶሬጅ

ስቶሬጅ (ሰርቨሮች ዳታቸውን የሚያስቀምጡበት የጋራ የዲስክ ሳጥን) ልትገዙ ፕሮፎርማ እየሰበሰባችሁ ከሆነ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

የገዛነው ሁለት ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚያዝ የስቶሬጁ አንጎል) እና ሁለት ስዊች (ሰርቨሮቹን ከስቶሬጁ የሚያገናኝ ዕቃ) ያለው ነው። ከእያንዳንዱ ሰርቨር አራት ፓዝ፣ ማለትም ወደ ስቶሬጁ የሚወስድ መንገድ፣ ተዘርግቷል። ሻጩ «አንዱ ኮንትሮለር ቢጠፋ እንኳ አይሰማችሁም» አለን። ርክክብ ላይ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ፈረምን።

ከወራት በኋላ አንደኛው ኮንትሮለር ራሱን ሪስታርት አደረገ። ዳታቤዙ ለሁለት ደቂቃ ስታክ አደረገ። የአይስካዚ (ሰርቨርን ከስቶሬጅ በኔትወርክ የሚያገናኝ ፕሮቶኮል) መስመር ሲቋረጥ የሰርቨሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ፣ ሴቲንጉ ካልተነካ፣ 120 ሰከንድ ይጠብቃል። መልቲፓዝ (ብዙ ፓዞችን አንድ ላይ የሚያስተዳድር የሊኑክስ ሶፍትዌር) ካለ ይህ ወደ ጥቂት ሰከንድ መውረድ አለበት። የጫነልን ሰው አልነካውም።

ይህስ አለፈ። የባሰው ኮንትሮለሩ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ሲስተሙ ተንቀራፈፈ። ሻጩ መጣና «ዲስካችሁ አልቻለም» ብሎ የፈጣን ዲስክ ፕሮፎርማ ላከ። ልንከፍል ነበር እኮ! አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን የመልቲፓዙን ዝርዝር አውጥቶ አሳየን። ከአራቱ ፓዝ የሚሠራው አንድ ብቻ ነው። ያውም የሉኑ (ለሰርቨሩ እንደ አንድ ዲስክ የተመደበለት የስቶሬጁ ክፍል) ባለቤት ባልሆነው ኮንትሮለር በኩል። እያንዳንዱ ጥያቄ እዚያ ይደርስና በውስጥ መስመር ወደ ባለቤቱ ይሻገራል። መልሱም በዚያው ዞሮ ይመጣል።

ጥፋቱ የሁለት ሴቲንግ ነው። የፓዝ አመዳደቡ «ፌይልኦቨር» ላይ ነበር፤ አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱ ይተኛሉ። ፌይልባኩ፣ ማለትም የተቋረጠው ሲመለስ ትራፊኩን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሴቲንግ፣ ደግሞ «ማኑዋል» ነበር። ስለዚህ ኮንትሮለሩ ቢመለስም ትራፊኩን ተመለስ ያለው የለም። ለዕቃው የተለየ ቅንብር ካልተሰጠ ሊኑክስ በዲፎልት የሚይዘው እነዚህኑ ነው። አመዳደቡን ፓዞቹ ባላቸው የቅድሚያ ደረጃ እንዲሆን አደረግነው። አሁን የባለቤቱ ሁለት ፓዞች ጭነቱን ይጋራሉ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ለክፉ ቀን ይቆያሉ። ፌይልባኩንም ከጥቂት ሰከንድ ቆይታ ጋር አውቶማቲክ አደረግነው። ቆይታው የተሰጠው የሚቆራረጥ ኬብል ካለ ትራፊኩ ወዲያ ወዲህ እንዳይንገላታ ነው። ፍጥነቱ ተመለሰ። አንድም ዲስክ አልገዛንም።

እናንተ ርክክብ ላይ ሰርቨሩ ሥራ በዝቶበት እያለ ኬብል ንቀሉ፣ ሰዓት ያዙ። በስንት ሰከንድ እንደተሻገረ ጻፉ። ከዚያ መልሳችሁ ሰኩት፤ ትራፊኩ ወደ ቦታው መመለሱንም እዩ፣ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። የአንድ ሰርቨር ሁለት ኬብሎች አንድ ስዊች ላይ እንዳልተሰኩም በዓይናችሁ አረጋግጡ። የእኛ ሻጭ ይህን ፈተና ዘግይተን ስንጠይቀው «ዋስትናው ይነካል» ነበር ያለን።