ላና ወይስ ሳቲቫ? የቬች ዘር ለመኖ ስትገዙ

ቬች ለከብት መኖ የሚዘራ፣ የአተርና የባቄላ ዘመድ የሆነ ተክል ነው። ሻጩ «ቬች ነው» ብቻ ካላችሁ ግን ገና ምንም አልነገራችሁም። የቱ ቬች? በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ለመኖ በብዛት የሚነሱት ሁለት ናቸው፤ ዳሲካርፓ፣ ያው ላና የሚባለው፣ እና ሳቲቫ።

ዘሩን መዳፋችሁ ላይ ዘርግፋችሁ እዩት። የላና ፍሬ ትንሽ፣ ድቡልቡልና ጠቆር ያለ ነው። የሳቲቫ ተለቅ ይላል። ማሳ ላይ ካበቡ ደግሞ አይሳቱም፤ ላና ወይን ጠጅ አበባውን በአንድ ዘንግ ላይ ደርድሮ ያወጣል፣ ሳቲቫ ግን ከቅጠሉ ሥር አንድ ወይም ሁለት ብቻ።

ዋናው ጥያቄ ዝናባችሁ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው። ላና የሚያብበው ዘግይቶ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የተኛ ይመስላል፣ አንዴ መንጠላጠል ከጀመረ ግን መሬቱን ይሸፍነዋል፣ አረሙንም ያፍነዋል፣ ከሁለቱ ብዙ መኖ የሚሰጠውም እሱ ነው። ክረምቱን ሙሉ ለሚዘንብበት እንደ ሆለታ ላለ ደጋ፣ ለወተት ላም ድርቆሽ ለሚያዘጋጅ ሰው፣ እኔ ያለማመንታት ላና እላለሁ። ሳቲቫ ቶሎ ይደርሳል። በበልግ ዘርታችሁ መሬቱን ለክረምት ሰብል ማስለቀቅ ካለባችሁ፣ ወይም ዝናቡ ቶሎ የሚያቋርጥበት አካባቢ ከሆናችሁ፣ መኖው ቢያንስም ሳቲቫን ውሰዱ። ናርቦነንሲስ የሚባልም አለ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ባቄላ ይመስላል። ለድርቆሽ ከሆነ እለፉት።

ላናን ለብቻው አትዝሩት። መሬት ላይ ይተኛና ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ማጨዱም መከራ ነው። አጃ ይደግፈው፤ ለሄክታር 75 ኪሎ አጃ ከ25 ኪሎ ቬች ጋር ጥሩ መነሻ ነው። አጃው ሆድ ይሞላል፣ ፕሮቲኑ የሚመጣው ከቬቹ ነው። ግማሽ ያህሉ ሲያብብ እጨዱት። ላናም ሳቲቫም ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት አይወዱም፣ ስለዚህ መረሬ ከሆነ ማጠንፈፊያ ቦይ አውጡለት። የሳቲቫን ፍሬ ደግሞ ለዶሮ እንዳትሰጡ፣ ይመርዛቸዋል!

ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት ናሙና ውሰዱ። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና ከሳምንት በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። ከላናው ውስጥ ውሃ ሳይስብ እንደ ጠጠር የሚቀር ፍሬ አይጠፋም፤ ቆዳው ጠንክሮበት ነው እንጂ አልሞተም። አብጦ የሻገተው ከበዛ ግን ዘሩ አርጅቷል፣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።