አውትሉክ 2010ን በኦኦዝ 2.0 የሚያስገባው ፕሮክሲ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

የቢሮዬ የብዙ ዓመታት ደብዳቤ ያለው በአሮጌው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም፣ በአውትሉክ 2010 ውስጥ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 መጨረሻ በተራ የይለፍ ቃል ብቻ የሚገቡ ፕሮግራሞችን ከግል ጂሜይል ሲከለክል፣ ጎግል ለአንድ ፕሮግራም ብለው ሲጠይቁት የሚያወጣው፣ 16 ፊደላት ያሉት የመተግበሪያ የይለፍ ቃል ችግሩን ፈትቶልኝ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ግን በሴፕቴምበር 2024 የግል አካውንቶቹን የኢሜይል ፕሮግራሞች በኦኦዝ 2.0 (OAuth፤ ለፕሮግራሙ የይለፍ ቃል ሳይሰጡ በብሮውዘር ፈቃድ በመስጠት የሚገባበት ሥርዓት) ካልሆነ እንዳይከፍቷቸው ስላደረገ፣ ይህን ሥርዓት ጨርሶ የማያውቀው የእኔ ፕሮግራም ከዚያ በኩል ደብዳቤ ማምጣት አቆመ።

መፍትሔ የሆነኝ «ኢሜይል ኦኦዝ 2.0 ፕሮክሲ» የተባለው፣ በፓይተን የተጻፈና ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ነፃ ፕሮግራም ነው። እንደ አስተርጓሚ መሐል ይቀመጣል፦ አውትሉክ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ወዳለው 127.0.0.1 አድራሻ በለመደው መንገድ የይለፍ ቃል ይልካል፣ ፕሮክሲው ደግሞ በዚያ ፈንታ ቶክን (ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ) ይዞ ወደ ደብዳቤው አገልጋይ (ሰርቨር) ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ በብሮውዘር ፈቃድ ከሰጡት በኋላ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ የሚያገለግለውን ቶክን ራሱ እያደሰ ይቀጥላል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወድለት ግን እውነተኛው የይለፍ ቃሌ በአሮጌው ፕሮግራም ውስጥ አለመቀመጡን ነው፤ አውትሉክ ላይ የሚጻፈው ቃል ቶክኑን ለማመስጠር ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ የፈለጉትን መምረጥ ይቻላል፣ ለመቀበያውም ለመላኪያውም አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ። ከአገልጋዩ ጋር የሚደረገውን የቲኤልኤስ ምስጠራም ፕሮክሲው ስለሚሠራው፣ የአሮጌው ፕሮግራም ምስጠራ ኋላ ቀር መሆኑ እንቅፋት አይሆንም።

አድካሚው ዝግጅቱ ነው። ለጂሜይል የሚጠቀሙበት ከሆነ፣ በጎግል የገንቢዎች መድረክ ላይ የራስን ፕሮጀክት መክፈትና የደንበኛ መለያ (ፕሮክሲው ለጎግል ማንነቱን የሚያሳውቅበት) ማውጣት ይጠይቃል፤ ፕሮጀክቱ «በሙከራ ላይ» ተብሎ ከተተወ ደግሞ ፈቃዱ በ7 ቀን ስለሚያበቃ በየሳምንቱ እንደገና መግባት ግድ ይሆናል። «በሥራ ላይ» ወደሚለው ሲቀየር ብሮውዘሩ ያልተረጋገጠ መተግበሪያ መሆኑን ያስጠነቅቃል፣ ነገር ግን የሳምንቱ ገደብ ይነሣል። ለኮምፒውተር እንግዳ ለሆነ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ አንድ የሚያውቅ ሰው አብሮት ሊቀመጥ ይገባል።

ፕሮክሲው የሚፈታው የመግቢያውን ችግር ብቻ ነው። አውትሉክ 2010 እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ ስለማያገኝ፣ ከማላውቀው ሰው የመጣ አባሪ ፋይል በእርሱ አልከፍትም፤ እንዲህ ያለውን በብሮውዘር ገብቼ እመለከተዋለሁ።