ልጄን ለሕክምና ትምህርት ላበቁ መምህር ምስጋና፣ ለቱሉ ዲምቱና ለአካባቢው ወላጆችም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በተከራዩት አንድ ክፍል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለሚያስጠኑና ስለ ቀጣይ ትምህርታቸው ለሚያማክሩ አንድ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም በኮዬ ፈጬ፣ በገላንና በአቃቂ በኩል ለምትኖሩና ልጆቻችሁ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ላላቸው ወላጆች እኚህን ሰው ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬ ልጄ በምትጠራቸው መንገድ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ ልጄ 11ኛ ክፍል ነበረች። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተሰጠበት ዓመት ነው፤ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ በየቤቱ የገባው ድንጋጤ የሚረሳ አይደለም። ልጄ ከትንሽነቷ ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ ስትል ኖራለች። በዚያው ሰሞን አንድ የማስጠኛ ድርጅት ሕክምና እንደሚያስገባት ቃል ገብቶ ተቀበላትና የጥያቄና መልስ ጥራዝ ሰጥቶ በቃል እንድታጠና አደረጋት፤ መልሱ ለምን ያ እንደሆነ ግን የሚያስረዳት አልነበረም። ወደ ጋሼ የመራችን ከእሳቸው ዘንድ የተማረ የጎረቤታችን ልጅ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ያነጋገሩት እኔን ሳይሆን ልጄን ነበር። «እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ ሐኪም የምትሆኚው ለማን ብለሽ ነው?» ብለው ከጠየቋት በኋላ፣ መልሷን በጽሑፍ አዘጋጅታ በሌላ ቀን እንድታመጣ አዘዟት። ከዚያም አንድ ትልቅ ወረቀት ዘርግተው መንገዱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አሳዩዋት። ከሙያ ፈቃድ ፈተና ተነሥተው ተማሪው በሐኪሞች ክትትል ሥር ሆስፒታል ውስጥ ወደሚሠራበት የመጨረሻ ጊዜ ማለትም ወደ ኢንተርንነት፣ ከዚያ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት እንዲሁም በማህፀንና ጽንስ ክፍሎች ወደሚደረገው የሆስፒታል ልምምድ፣ ቀጥሎ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ወደሚሰጡበት የቅድመ ክሊኒክ ጊዜ፣ ከዚያም ወደ ፍሬሽማን ዓመትና ወደ ብሔራዊ ፈተናው ወረዱ፤ በመጨረሻም እጇ ላይ ወዳለው የ11ኛ ክፍል ደብተር ደረሱ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ስፔሻሊስት ለመሆን ቢያንስ ሦስት ተጨማሪ ዓመት እንደሚጠይቅ አልሸሸጓትም። ልጄ ያን ወረቀት ለሁለት ዓመት ያህል ግድግዳዋ ላይ ለጥፋው ነበር።

ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ስለሚሸፍን፣ ክፍተቷን ለማወቅ በየክፍሉ አጫጭር ጥያቄዎች ሰጧት። የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂን በሚገባ የምትሠራው ልጅ በ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ የሞል ስሌትና በፊዚክስ ቬክተር ላይ መሠረቷ የላላ ሆኖ ተገኘ። ጋሼም ወደ ኋላ ተመልሰው ያንን እስኪያጠሩ ድረስ ወደፊት ለመሄድ ፈቃደኛ አልሆኑም። እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ እያንዳንዳቸው እንደ ባዮሎጂ ሁሉ ከ100 እንደሚታረሙና ከጠቅላላው 600 ነጥብ ሢሶውን እንደሚይዙ አስረድተው፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ችላ የሚሏቸውን እነዚህን ሁለት ፈተናዎች በየሳምንቱ ሰዓት ይዘው ያሠሯት ነበር። ፈተናው ወጥቷል እያሉ በቴሌግራም ሐሰተኛ ወረቀት ከሚሸጡት እንድትርቅ አጥብቀው መክረዋታል። ከቤት ርቆ፣ ከማያውቁት ልጅ ጋር በአንድ ክፍል አድሮ መፈተን ራሱን የቻለ ዝግጅት እንደሚፈልግ በማመናቸውም፣ ተማሪዎቻቸውን በማለዳ ሰብስበው ሙሉ ፈተና ያለ ዕረፍት ያስቀምጧቸው ነበር።

እኔ ግን ከማስጠናታቸው ይልቅ የማደንቀው ሐቀኝነታቸውን ነው። ሕክምና እንደምትገባ አንድም ቀን ቃል ገብተውልን አያውቁም። ይልቁንም የቀድሞ ተማሪያቸው የሆነ ወጣት ሐኪም ጠርተው ስለ ሌሊት ዲዩቲ፣ ስለ ድካሙ፣ ታካሚ ሲሞት ለቤተሰቡ ስለ መንገር ሳይሸፋፍን እንዲያጫውታቸው አድርገዋል። ያን ቀን ከነበሩት ልጆች አንደኛው ምኞቱ ፋርማሲ መሆኑን የተረዳው እዚያው ነው፤ ጋሼም ከልብ ደስ ብሏቸው አበረታቱት። ነርስነትን፣ አዋላጅነትን፣ ላቦራቶሪንና ጤና መኮንንነትን ለሕክምና ውጤት ያልበቃለት ሰው መጠጊያ አድርጎ ማየትን አይወዱም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንኖችን ለማሠልጠን እንደነበርና ገጠሩን ያገለገሉት እነርሱ መሆናቸውን እያነሡ፣ እያንዳንዱን ሙያ በራሱ ክብር ያስተዋውቋቸዋል። ልጅን በአንድ ምኞት ብቻ አሳድጎ ኋላ ስብራት ውስጥ ከመጣል ይህ እጅግ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫም ብዙዎቻችን ከጥቁር አንበሳና ከጳውሎስ ሌላ የማይታየን መሆኑ ያሳስባቸዋል። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳና ሐረማያ የየራሳቸው የማስተማሪያ ሆስፒታል እንዳላቸው፣ የሕክምና ተማሪ ደግሞ የሚማረው ከታካሚ ጭምር በመሆኑ የሆስፒታሉ ስፋትና የሚያስተናግደው የሕሙማን ብዛት ከከተማው ዝና በፊት መታየት እንዳለበት ያስረዳሉ።

ልጄ በ2016 ዓ.ም. ተፈትና አለፈች፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት 5.4 በመቶ በነበሩበት ዓመት። የጋሼ ሥራ ግን በዚያ አላበቃም። ወደ ሕክምና የሚገባው ፍሬሽማን ላይ ከሌሎች ጋር ተወዳድሮ በመሆኑ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ብቻ ተጠምደው ሎጂክን፣ ሳይኮሎጂንና ጂኦግራፊን የሚንቁ ጎበዝ ተማሪዎች አማካይ ውጤታቸው እንደሚወርድባቸው ከመሄዷ በፊት አስጠንቅቀዋት ነበር። ግቢ ከገባች በኋላም እየደወሉ ይጠይቋት ነበር፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ናፍቆት ሲበረታባትም እንደ አባት አጽናንተዋታል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተመድባ በመማር ላይ ናት። ጋሼ፣ ለልጄ ስላደረጉላት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ያድልልን።

በከተማው ዳር ለምንኖር ወላጆች ጥሩ አስጠኚ ፍለጋ እስከ መገናኛ ወይም ፒያሳ ልጅን ማመላለስ ገንዘቡም ጊዜውም ከባድ ነው፤ እኚህ መምህር ግን እዚሁ ደጃችን ላይ ናቸው። የሚያስከፍሉት ተመጣጣኝ ነው፤ አቅም ከሌለው ቤተሰብ የመጣ ልጅንም በክፍያ ምክንያት ሲመልሱ አላየሁም። በአንድ ጊዜ የሚይዟቸው ተማሪዎች ጥቂት ስለሆኑ ቀደም ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል፤ አዳዲሶችን የሚቀበሉት ክረምት ሲገባ ሲሆን፣ 12ኛ ክፍል ከመድረስ በፊት፣ ቢቻል ከ10ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ጀምሮ ቢመጡላቸው ይመርጣሉ። ስልካቸውን ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ የልጃችሁን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ደብተሮችና የውጤት ካርድ ያዙ፤ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ወላጅን ብቻውን አያነጋግሩምና።