«ኤም.2» ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ኤስኤስዲ እንዳትገዙ

«ኤም.2 ኤስኤስዲ፣ ለሁሉም ኮምፒውተር የሚሆን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አትስደዱ። ኤስኤስዲ ማለት ኮምፒውተር ፋይል የሚያስቀምጥበት ድራይቭ ነው። እኔ ተሸውጃለሁ።

ዕቃው ሲደርሰኝ ምንም የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው ስሎት ውስጥ ሸርተት ብሎ ገባ፣ ብሎኗን አጠበቅኩ፣ ኮምፒውተሩን አስነስቼ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማስተካከያ ገጽ) ገባሁ። የለም። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። የለም። ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ፈተግኳቸው። አሁንም የለም። ሻጩ ጋ ስደውል «ወንድሜ፣ ማዘርቦርድህ ነው የሞተው። ከፈለግህ እሱም አለን» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ልገዛው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ማዘርቦርዱ ግን ጤነኛ ነው። ኤም.2 የሚባለው የቅርጽ ስም ነው እንጂ የአሠራር ስም አይደለም። በዚያው ቅርጽ ሁለት የማይግባቡ ኤስኤስዲዎች ይመረታሉ። አንዱ ሳታ ነው። በኬብል ከሚገናኘው ከቆየው ድራይቭ የሚለየው በመልኩ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል። ሌላው ኤንቪኤምኢ ነው። እሱ በፒሲአይ ኤክስፕረስ (ባጭሩ ፒሲአይኢ) በሚባለው የማዘርቦርዱ ፈጣን መስመር ስለሚሄድ በ3ኛው ትውልድ እንኳ 3,500 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል። ስሎቱ ለኤንቪኤምኢ ብቻ የተሠራ ከሆነ የሳታውን ድራይቭ ጭራሽ አያውቀውም። ለሳታ ብቻ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ኤንቪኤምኢውን አያየውም። ሁለቱንም የሚቀበል ስሎትም አለ። ከላይ ሲታዩ ግን ሁሉም አንድ ናቸው፣ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። የእኔን የማዘርቦርድ መመሪያ ሳገላብጥ በደቃቅ ፊደል «ፒሲአይኢ ብቻ» ይላል። የላኩልኝ ሳታ ነው።

ጥርሱ ላይ ያለውን ክፍተት ቁጠሩ። ሁለት ከሆነ ብዙ ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤንቪኤምኢ። «ብዙ ጊዜ» ያልኩት አውቄ ነው፤ ሁለት ክፍተት ያለው ኤንቪኤምኢም አለ። የሚያዋጣው የሞዴል ቁጥሩን ይዞ አምራቹ ከሚያወጣው ዝርዝር ላይ ማየት ነው። ሻጭ የሞዴል ቁጥር ሲጠየቅ ከተቆጣ፣ በቃ፣ እለፉት።

ሌላ ወጥመድም አለ። «ግድ የለም፣ በአዳፕተር ይሠራል» ብለው የፒሲአይኢ ካርድ ሊጨምሩላችሁ ይችላሉ። ርካሾቹ ካርዶች መስመሩን ከማስተላለፍ ሌላ ምንም አይሠሩም። ሳታ ድራይቭ በእነሱ ላይ አይነሳም።

ሻጭ ላይ ከመጮህ በፊት ግን ራሳችሁንም ጠርጥሩ። አንዳንድ ባዮስ ኤንቪኤምኢን ከሳታ ዝርዝር ጋር አያሳይም፣ ለብቻው ሌላ ገጽ አለው። ባዶ የሆነ አዲስ ድራይቭ ቡት (የማስነሻ) ዝርዝር ውስጥ ባይታይ አትደንግጡ፤ የሚነሳ ሲስተም ገና አልተጫነበትም። የድሮ ማዘርቦርድ ከሆነ ደግሞ ባዮሱ ኤንቪኤምኢን ጭራሽ ላያውቅ ይችላል፤ ዊንዶውስ ውስጥ ይታያል፣ ከእሱ ማስነሳት ግን አይቻልም። በጣም የገረመኝ ይሄ ነው፦ ዜድ490 በሚባሉት አንዳንድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ማዘርቦርዶች ላይ አንደኛው የኤም.2 ስሎት የሚሠራው የኢንቴል 11ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ሲገባ ብቻ ነው። 10ኛ ትውልድ ከሆነ ስሎቱ አለ፣ ሕይወት የለውም። ይሄ የሻጭ ጥፋት አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት «ሳታ ነው ወይስ ኤንቪኤምኢ?» ብላችሁ በጽሁፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሁፍ ተቀበሉ። እኔ በስልክ ነበር የጠየቅኩት። ገንዘቤን መልሱ ስል «ፌስታሉ ተከፍቷል» ተባልኩ። ያልተከፈተ ኤስኤስዲ እንዴት አድርጎ እንደሚሞከር እስካሁን አልገባኝም።

ድራይቩን አልጣልኩትም። በዩኤስቢ የሚሰካ ቤት ገዛሁለት፣ አሁን ፎቶ አስቀምጥበታለሁ። ቤቱን ስገዛም ሰውየው «ለሁሉም ኤም.2 ይሆናል» ብሎኝ ነበር። ካርቶኑን አዙሬ ሳነብ የኤንቪኤምኢ ብቻ ነው። መለስኩለትና የሳታውን አወጣልኝ።