ተሳቢያችሁ ፍሬን ካነሰው፣ «ማግኔቱ ሞቷል» ሲሏችሁ ቶሎ አትክፈሉ

ጄኔሬተር የተጫነበት ባለ አራት ጎማ ተሳቢ አለኝ። ለሠርግና ለዝግጅት አከራየዋለሁ። ፍሬኑ የሚሠራው በየጎማው ውስጥ ባለ የኤሌክትሪክ ማግኔት ነው፤ ፒካፑ ጋቢና ውስጥ ካለች ትንሽ ኮንትሮለር ይታዘዛል። እንዲህ ዓይነት ተሳቢ ያለን ሰዎች ጥቂት ነን። የሚያውቀው መካኒክ ደግሞ ከእኛም ያንሳል። የተበላሁትም በዚሁ ነው።

ጥር ላይ፣ ሠርግ በሠርግ በሆነበት ሰሞን፣ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር እየወረድኩ ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ፍሬን ያዝኩ። ፒካፑ ያዘ። ተሳቢው ግን ከኋላ ገፋኝ። ከፊቴ የነበረው ታክሲ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያየኝ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም። አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ።

በማግስቱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ሰውየው ተንበርክኮ የአንዱን ጎማ ሽቦ ነቀለና ቴስተር አስነካው። «ይኸው፣ 12 ቮልት እየመጣልህ ነው። ካረንቱ ደህና ነው። ማግኔቶቹ ናቸው የሞቱት።» ቁጥሩን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምን ብዬ ልከራከር? ለአራት ማግኔት 38 ሺህ ብር፣ ለእጅ 6 ሺህ። ደረሰኝ ስለው «ቫቱን ልጨምርብህ ወይስ እንተወው?» አለኝ። እንተወው አልኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ከሰዓት ስመለስ ታምቡሮቹ፣ ፍሬኑን በውስጣቸው የያዙት ክብ ብረቶች፣ ጥቁር ቀለም ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። ከፈልኩ። ፍሬኑ ግን ያው ነው። ስደውል «የፍሬኑ ሸራ እስኪላመድ ነው፣ ትንሽ ንዳው» አለኝ። አዲስ ሸራ መላመድ መፈለጉ እውነት ነው። ግን ሸራ መች ቀየረና? ቆይቶ ደግሞ «እንግዲያው ኮንትሮለሩ ነው፣ በ22 ሺህ አገኝልሃለሁ» ሲለኝ ነቃሁ።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ አለ። እሱ ምንም ሳይነቅል ጀመረ። ሞተር አስነስቼ የኮንትሮለሯን የእጅ መግፊያ እስከ መጨረሻው እንድይዝ አደረገኝ። ከዚያ መጨረሻው ጎማ ጋ ገብቶ፣ ሽቦው እንደተገጠመ፣ በቴስተር ለካ። 7.4 ቮልት! ባትሪው ላይ 13.8 ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታምቡሩ ውስጥ ያለው ማግኔት ካረንት ሲያገኝ በሚሽከረከረው ታምቡር ላይ ይለጠፋል፤ አብሮ ሲጎተት ክንዱን ይገፋል፤ ክንዱ ሸራውን ከፍቶ ታምቡሩን ያስይዘዋል። ባለ 10 እና ባለ 12 ኢንች ታምቡር ላይ እያንዳንዱ ማግኔት 3 አምፔር ገደማ ይፈልጋል፤ አራቱ ወደ 12። ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። ማግኔቱን ነቅለህ ስትለካ ግን የሚያልፍ ካረንት ስለሌለ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ይታይሃል። የቤታችንን ቧንቧ አስቡት፤ ተዘግቶ ሳለ ግፊቱ ያለ ይመስላል፣ ስትከፍተው ጠብ ጠብ ይላል። የጋራዡ ሰው ያሳየኝ የተዘጋውን ቧንቧ ነው።

ልጁ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ተሳቢው ብረት አንድ ወፍራም ገመድ ሲዘረጋ ቁጥሩ ወዲያው ከ10 አለፈ። ለካ የተሳቢው ኔጋቲቭ የታሰረው ቀለም በተቀባ፣ ሥሩ በዛገ ብረት ላይ ነው። ከሆዱ ሥር ደግሞ የፍሬኑ ሽቦ መሀል ላይ ተቆርጦ፣ የስፒከር በምትመስል ቀጭን ሽቦ ተቀጥሎ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ብረቱን ፍቆ አሰረው፣ ሽቦውን በባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ቀየረው። 12.3 ቮልት። ከእጅ ዋጋው ጋር 2,800 ብር።

ከዚያ አንዱን ታምቡር አወጣን። የማግኔቱ ሽቦ መገጣጠሚያ ላይ የደረቀው የክረምት ጭቃ እንዳለ ነው። ማንም አልነካውም። በ44 ሺህ ብር ቀለም ነው የተቀባልኝ።

ስለዚህ ማግኔት ሞተ ካሏችሁ በኦም ያስለኩላችሁ። ደህናው 3 ኦም አካባቢ ነው፤ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል። ቮልቱን ግን ሁሉም እንደተገጠመ፣ ፍሬኑ ተይዞ ሳለ አስለኩ። አሮጌው ዕቃ እጃችሁ ሳይገባ ብር አታውጡ። ሸራው ግራሶ ጠጥቶ ከሆነ ደግሞ «አጥቤልሃለሁ» የሚላችሁን አትስሙ፤ ይቀየራል እንጂ አይታጠብም።

በ11ኛው ቀን ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ጉድለት ላለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ለሰውየው ነገርኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ በትህትና አዳመጠኝ።

«እሺ ወንድሜ» አለኝ፣ «ደረሰኝህን አምጣዋ።»