ቹምቤ ደሴት፣ ዛንዚባር፦ ፍሳሹን ወደ ባሕር የማይለቅ ማረፊያ

የውሃና ፍሳሽ ባለሙያ ስለሆንኩ «ለአካባቢ ተስማሚ ነን» የሚል ሆቴል ስገባ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ፍሳሻችሁ የት ይሄዳል? በዛንዚባር ቆይታዬ ይህን ስጠይቅ ሠራተኛው ደስ እያለው ከጎጆው ጀርባ ወስዶ ያሳየኝ ቹምቤ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ ዛንዚባር የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበራል። ከዚያ በዛንዚባር ዋና ደሴት ዳርቻ ካለችው ከምብዌኒ በጀልባ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ደሴቲቱ ላይ ያሉት ሰባት ጎጆዎች ብቻ ናቸው።

ቹምቤ ምንጭም ወንዝም የላትም። ስለዚህ ሰፊው የዘንባባ ክዳን የዝናቡን ውሃ ይሰበስባል፤ ውሃው በአሸዋና በጠጠር ተጣርቶ ወለሉ ሥር ወዳለው ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ወደ ላይ የሚወጣው በእጅ ፓምፕ ነው፤ የሚያሞቀውም ፀሐይ ነው። የገላ መታጠቢያው ፍሳሽ ወደ ታሸገ የአትክልት መደብ ገብቶ በውስጡ ያሉትን ናይትሬትና ፎስፌት የተባሉ ንጥረ ነገሮች ተክሎቹ ይስቧቸዋል። መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ጨርሶ ውሃ አይፈልግም። ከተጠቀሙ በኋላ አንድ ጭልፋ ብስባሽ ይጨመርበታል፤ ከዚያ አየር እያገኘ ቀስ ብሎ ወደ አፈርነት ይለወጣል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ የእርጥብ ጫካ ሽታ እንጂ ሌላ የለውም። ኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሰል አካል፣ በንጥረ ነገር የበለጸገ ፍሳሽ ሲደርሰው አልጌ የተባለ ተክል መሰል የውሃ ሕይወት ይወርሰዋል። ጣና ላይ እንቦጭ ምን እንዳደረገ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በሐይቆቻችን ዳር ሆቴል ለመሥራት ያሰበ ሁሉ መሠረት ከማውጣቱ በፊት ይህን ቢያይ ምንኛ በወደድኩ!

የዛንዚባር መንግሥት በደሴቲቱ ምዕራብ ያለውን የኮራል ሪፍ (ከኮራል የተሠራ የባሕር ውስጥ መደብ) እ.ኤ.አ. በ1994 ጥብቅ ሥፍራ አድርጎታል፤ ዓሣ ማስገር ክልክል ነው። ከጠባቂዎቹ መካከል ቀድሞ ዓሣ አስጋሪ የነበሩ አሉ፤ ባሕሩን የሚያውቁትም እንደ ጓሯቸው ነው። እንግዳ የሚገባው በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ነው፤ በአየር ጋን መጥለቅ አይፈቀድም። ጭንቅላቴን ውሃ ውስጥ እንደከተትኩ መንቁር የመሰለ አፍ ያላቸው ዓሦች ኮራሉን ሲቆረጥሙ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። በሌላው የባሕር ዳርቻ የአንድ አስጎብኚ ጀልባ መልሕቁን በቀጥታ ኮራል ላይ ሲጥል አይቼ ተቃጥያለሁ፤ በዓመታት ያደገ በአንድ ውርወራ ይሰበራል። ቹምቤ ላይ ጀልባ የሚታሰረው በተንሳፋፊ ምልክት ነው።

ማታ በባትሪ ብርሃን የኮኮናት ሸርጣን ፍለጋ ይወጣል። የብስ ላይ ከሚኖሩት ሸርጣኖች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ጥፍሩ ኮኮናት ይሰብራልና እጅ ከማቅረብ መጠንቀቅ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1904 የሠሩት የመብራት ማማ ላይ መውጣትም አይቅርባችሁ።

ዋጋው ከባድ ነው። ነገር ግን ከእንግዳ የሚገኘው ገቢ ጥበቃውንና ለዛንዚባር ተማሪዎች የሚሰጠውን የባሕር ትምህርት ስለሚደግፍ የከፈልኩት አልቆጨኝም። የአየር ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥንና የመዋኛ ገንዳ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይያዝ። በከባዱ የዝናብ ወቅት ስለሚዘጋ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።