ኤሌክትሮኒክ ፑንቲና በአሮጌ ቮልስ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በተሠራው ቮልስዋገን 1300 መኪናዬ ላይ ፑንቲናውን (ለብልጭታው ኤሌክትሪኩን እየከፈተ የሚዘጋውን መገናኛ) እና የመገናኛውን መቃጠል የሚቀንሰውን ኮንደንሰር አውጥቼ በምትካቸው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ገጠምሁ። ፐርትሮኒክስ ኢግናይተር የሚባለው ነው፤ አሜሪካ የሚኖር ዘመዴ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ክረምቱንም በጋውንም ስለነዳሁበት አሁን ስለ እርሱ በልበ ሙሉነት መጻፍ እችላለሁ። ብልጭታን በተመለከተ የተባለለትን ይሠራል፤ ነገር ግን መኪናው አልነሳ ላለው ሰው ሁሉ መፍትሔ አይደለም፤ ችግሩ ከወዴት እንደሆነ ሳይለይ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው ያወጣል።

የፑንቲና ጣጣ ለቮልስ ባለቤት አዲስ አይደለም። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው፣ ከዲስትሪቢዩተሩ (ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ ከሚያከፋፍለው ክፍል) ዘንግ ጋር የሚፋተገው የፋይበር ጫፍ እየተበላ በሄደ ቁጥር ክፍተቱ ይጠብባል፣ ታይሚንጉም (ብልጭታው የሚመጣበት ጊዜ) ወደ ኋላ ይቀራል። ኮንደንሰሩ ሲደክም ደግሞ የመገናኛው ፊት ይቃጠልና በአንዱ ወገን ጉብታ፣ በሌላው ወገን ጉድጓድ ያወጣል። ዛሬ ሶማሌ ተራ የሚገኙት አንዳንድ ፑንቲናዎች የፋይበራቸው ጥራት ስለወረደ፣ ዛሬ በጥንቃቄ የተስተካከለው ክፍተት ብዙም ሳይቆይ እንደገና ማስተካከል ይፈልጋል። በብርድ ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው ሞተር) በደንብ እያዞረ ሞተሩ ለመነሳት የሚያንገራግረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያውን መግጠም ከባድ አይደለም። በቦሽ 009 ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ፑንቲናው በነበረበት ቦታ ይታሰራል፤ ማግኔት የያዘው ቀለበት ከሮተሩ (በዘንጉ አናት ላይ ከሚዞረው ክፍል) ሥር በዘንጉ ላይ ይጠለቃል፤ ቀዩ ሽቦ ወደ ቦቢናው (ቮልቱን ለብልጭታ ከፍ የሚያደርገው ጥቅል) ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ግን የቦቢናውን ሽቦዎች ነቅሎ በቴስተር መለካት ያስፈልጋል፤ ለአራት ሲሊንደር ሞተር የመጀመሪያው ጥቅል 3 ኦም ገደማ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ በጣም ያነሰ ከሆነ መሣሪያው ውስጥ ከሚገባው በላይ ከረንት ያልፋል። ታይሚንጉም እንደ አዲስ መስተካከል አለበት። በፑንቲና ዘመን የለመድነውን፣ ቁልፉን አብርቶ በትንሽ አምፖል የመፈተሽ ዘዴ እዚህ ላይ አልመክርም፤ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን አብርቶ መቆየት ይህን መሣሪያ ስለሚያቃጥል፣ ሞተሩ እየሠራ በስትሮብ መብራት ማየት ይሻላል።

ከወራት በኋላ ያየሁት ለውጥ ግልጽ ነው። ጠዋት ሞተሩ ገና ሞተሪኖው ማዞር እንደጀመረ ይነሳል፤ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) የተረጋጋ ነው። በቅርቡ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍቼ ስመለከት የሚፋተግ አካል ባለመኖሩ የተበላ ነገር አላገኘሁም፤ ከሮተሩ ሥር ያለችው የሱፍ ቁራጭ ግን ደርቃ ነበር። ፑንቲናው ስለወጣ ያቺ ጠብታ ዘይት አታስፈልግም የሚሉ አሉ፤ ዘንጉ ግን ዛሬም ይዞራልና ታስፈልጋለች። በጉልበት በኩል ልዩነት አላየሁም። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ካርቡራቶሩ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል፤ ይህን የሚያስተካክለው ትክክለኛ ጂግለር (በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) እንጂ የተሻለ ብልጭታ አይደለም። ክረምት ላይ በክዳኑ ውስጥ የሚቋጥረውን እርጥበትም መሣሪያው አይከላከልም፤ የተሰነጠቀ ክዳን መለወጥ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መሣሪያውን ከገጠምሁ በኋላም በሞቃት ቀን መኪናውን አቁሜ ስመለስ፣ ቁልፉን ሳዞር ከኋላ አንድ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሞተሪኖው ካላዞረ ችግሩ ከብልጭታም ከቤንዚንም አይደለም። በቮልስ ላይ የማስነሻው ሽቦ ከፊት ካለው ቁልፍ ተነሥቶ እስከ ኋላው ሶሌኖይድ (ለሞተሪኖው ኃይል የሚያገናኘው ማግኔታዊ ማብሪያ) ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ሽቦውና መገናኛዎቹ ሲያረጁ ቮልቱ በመንገድ ይቀራል፣ ሙቀትም ያባብሰዋል። ባትሪው 12.5 ቮልት እያለው፣ ቁልፉ ተይዞ በሶሌኖይዱ 50 ቁጥር (የማስነሻው ሽቦ በሚገባበት ጫፍ) ላይ ስለካ ከ9 ቮልት በታች አገኘሁ። በሞተሪኖው አጠገብ ሪሌይ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ገጥሜ ለሶሌኖይዱ ከባትሪው ወፍራም ገመድ በቀጥታ ኃይል እንዲደርሰው ሳደርግ ችግሩ ጠፋ። በዚያው አጋጣሚ ከካምቢዮው ወደ ቦዲ የሚያያዘውን የተጎነጎነ የማሳ (የኔጋቲቭ መመለሻ) ገመድ ፈትቼ በብረት ብሩሽ አጸዳሁት። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጡ፣ ሞተሪኖው የሚስበው ከረንት በሙሉ የሚመለሰው በዚህች ገመድ ነው፤ ዝገት ከያዛት ጤነኛ ባትሪ እንኳ የሞተ ይመስላል።

ይህን ያነሣሁት ከመሣሪያው ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ ነው። ፑንቲና በደከመ ባትሪም ቢሆን ብልጭ ማለቱ አይቀርም፤ ኤሌክትሮኒኩ ግን ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ ቮልቱ በጣም ከወረደ ሞተሩ እየዞረም ብልጭታ ላይሰጥ ይችላል። ባትሪውና ማሳው ያልተፈተሸ መኪና ላይ የሚገጥመው ሰው ያለጥፋቱ መሣሪያውን ይወቅሳል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የአበላሸቱ ጠባይ ነው። ፑንቲና እየደከመ ያስጠነቅቃል፣ መንገድ ዳርም በሞረድ ተጠርጎ ቤት ያደርሳል፤ ይህ ግን ከተበላሸ በአንድ ጊዜ ነው፣ ሊጠገንም አይችልም። በዓባይ በረሃ ላይ ምትክ አይገኝም። ስለዚህ የቀድሞውን ፑንቲና ከኮንደንሰሩ፣ ከካቻቢቴና ከክፍተት መለኪያ ጋር ጠቅልዬ በመኪናው ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ከከተማ የሚወጣ ሁሉ እንዲሁ ቢያደርግ እመክራለሁ።

ቮልሱን በየቀኑ ለሚነዳና ከውጭ የሚያመጣለት ሰው ላለው ባለቤት ወጪው ተገቢ ነው እላለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚያንቀሳቅሰው ግን ጥሩ ፑንቲናና ጤነኛ ኮንደንሰር ይበቁታል፤ ገንዘቡን መጀመሪያ በሪሌዩና በማሳ ገመዱ ላይ ቢያውል ይሻለዋል። የ6 ቮልት ቮልስ ያላቸው ደግሞ ለ12 ቮልት የተሠራውን እንዳይገዙ ከማዘዛቸው በፊት ማሸጊያውን ያረጋግጡ።